በሃይላንድ የመጣው አሸዋ፦ ስለ ጥንታዊ የባህር ዳርቻ ዕድሜ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ማኪያቶና ሻይ አዝዘን ተቀምጠናል። የአክስቴ ልጅ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ከቦርሳው በግማሽ ሃይላንድ አሸዋ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከባህሩ ዳር የዘገነው ነው። "በይ እንግዲህ፣ ጂኦሎጂ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ስንት ዓመቱ ነው?" አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጠረጴዛው ሁሉ መለሰለት። የተባሉትን በየቦታው ስለምሰማቸው አንድ በአንድ ላንሳቸው።

"በካርቦን 14 ይለካላ!"

ካርቦን 14 የሚሠራው ሕይወት ከነበረው ነገር የቀረ ሲገኝ ነው፤ እንጨት፣ ከሰል፣ አጥንት፣ ዛጎል። እሱም እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ለአሸዋ ግን ሉሚኔሰንስ የሚባል ዘዴ አለ።

"አሸዋው መቼ እንደተፈጠረ ይነግረናል"

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ኳርትዝ፣ ማለትም በአሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ማዕድን፣ ቅንጣቱ ራሱ የመቶ ሚሊዮኖች ዓመት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ሉሚኔሰንስ የሚነግረን ቅንጣቱ ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየው መቼ እንደሆነ ነው። ማለትም መቼ እንደተቀበረ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል፣ ከሥሩ ጀሪካን አለ። የተጠራቀመውን ውሃ በሰዓት በሚንጠባጠበው መጠን ስታካፍሉት ጀሪካኑ ከተቀመጠ ስንት ሰዓት እንደሆነው ታውቃላችሁ። ጠብታው በአፈሩ ውስጥ ካሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም፣ እንዲሁም ከህዋ የሚመጣ ጨረር ነው። ጀሪካኑ ቅንጣቷ ናት። ጨረሩ የሚያፈናቅላቸው ኤሌክትሮኖች በክሪስታሉ እንከኖች ውስጥ እየተያዙ ይጠራቀማሉ። ፀሐይ ስትነካት ጀሪካኑ ተደፋ ማለት ነው፤ ለኳርትዝ ጥቂት ሰከንዶች ወይም ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራባት ቅንጣቷ የያዘችውን ትለቃለች፤ ዓይን የማያየው ደካማ ብርሃን ትረጫለች። መሣሪያው ያንን ይቆጥራል። ቀድሞ ቅንጣቱን በማሞቅ ነበር የሚሠራው፣ ለሸክላ ዕቃ በተለይ። በብርሃን መቀስቀስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ካናዳ ውስጥ ዴቪድ ሀንትሊና ሁለት ባልደረቦቹ ባሳተሙት ሥራ። የባህር ዳርቻ አሸዋ ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው። ከመቀበሩ በፊት ማዕበልና ነፋስ ሲያገላብጡት ፀሐይ በደንብ ታገኘዋለች።

"ታዲያ ይሄንን ሃይላንድ ላቦራቶሪ እንላከው"

አይሆንም። ሃይላንዱ ብርሃን ያሳልፋል። አሸዋውም ከላይ የተዘገነ ነው፣ ያን ቀን ራሱ ፀሐይ ሲመታው የዋለ። አዲስ ግንባታ ጋ ሲኖትራክ የደፋውም አሸዋ እንደዚያው፤ ላዩን ፀሐይ መትቶት ጀሪካኑ ተደፍቷል።

ናሙና የሚወሰደው ከተቆፈረ የአፈር ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ፊቱ ይጠረጋል። ከዚያ የብረት ቱቦ በመዶሻ እየተመታ ይገባል፤ ሲወጣ ሁለቱም ጫፍ በጥቁር ላስቲክ ይታሸጋል። የሚከፈተው ደብዛዛ ቀይ መብራት ባለበት ጨለማ ክፍል ነው፤ የድሮ ፎቶ ቤት ፊልም የሚታጠብበትን ክፍል አስቡት። በቱቦው ጫፎች ያለው አሸዋ ብርሃን ነክቶታል ተብሎ ለዕድሜው አይውልም። ግን አይጣልም፤ የጨረሩ መጠንና እርጥበቱ ይለካበታል።

"አሸዋ ሁሉ አንድ ነው"

ለዚህኛው ማስረጃው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጥቂት አሸዋ የስኒ ማስቀመጫ ላይ አፈሰስኩና ከሻይ ጋር የመጣውን ሎሚ ጨመቅኩበት። ነጩ ቅንጣት አረፋ እየሠራ ቺስ አለ። የአክስቴ ልጅ አንገቱን ደፍቶ አፍንጫው እስኪነካው ድረስ ያየው ነበር። አረፋ የሠራው ካርቦኔት ነው፤ የተፈጨ ዛጎልና ኮራል። ላቦራቶሪ ውስጥ በጠንካራ አሲድ ታጥቦ ይወገዳል። የሚፈለጉት ኳርትዝና ፌልድስፓር የተባለው ሌላ ማዕድን ናቸው። ከእሳተ ገሞራ የመጣ ፌልድስፓር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያፈስ ጀሪካን ነው፤ ካልታረመ ዕድሜውን አሳንሶ ይናገራል። በእኛ አገር ይሄ ትልቅ ፈተና ነው።

"ሉሲም በዚሁ ነው የተለካችው"

አይደለም። ሞልቶ የሚፈሰው ጀሪካን መቼ እንደሞላ አይናገርም። ኳርትዝ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሺህ ዓመት አካባቢ ሲደርስ ይሞላል። ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት። የተለካችው በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ባለው አርጎን በተባለ ጋዝ ነው።

"ውጤቱ ቁርጥ ያለ ዓመት ነው"

ቅንጣቱ 60 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) አጠራቅሟል እንበል። አፈሩ በሺህ ዓመት 0.8 ግሬይ ይሰጣል። 60 ለ0.8 ሲካፈል 75 ሺህ ዓመት ይመጣል። ግን ሁልጊዜ "ሲደመር ሲቀነስ" አለው፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ የተለመደ ነው። አንዱ ምክንያት ውሃ ነው። እርጥብ አፈር ጨረሩን ይውጣል፣ ባለፉት አሥር ሺዎች ዓመታት ስንት ውሃ እንደነበረው ደግሞ መገመት ግድ ይላል። ስህተቱን ሳይጽፍ ቁጥር ብቻ የሚሰጣችሁን አትመኑ።

"ባህር ለሌላት አገር ምን ያደርጋል?"

ይሄንን ያለው ራሱ የአክስቴ ልጅ ነው። እውነት ለመናገር በጣም ቆጨኝ። አሞሌ የሚቆረጥበት የደናክል ረባዳ በአንድ ወቅት የቀይ ባህር ክንድ ነበር። ከባህር ጠለል በታች ሆኖ ዛሬም ዙሪያው የኮራል ቅሪት አለ። ከድንበር ማዶ፣ ኤርትራ ውስጥ አብዱር በተባለ ቦታ፣ 125 ሺህ ዓመት ገደማ ባለው የኮራል ድንጋይ ውስጥ ሰው የሠራቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። እዚያ የተለካው ኮራሉ ነው፣ በዩራኒየምና ቶሪየም። በደቡብ ደግሞ ጨው ባህር የሚባል ደረቅ የሐይቅ ወለል አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 290 ሜትር ተቆፍሮ የወጣው ደለል ከ600 ሺህ ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል፤ ዕድሜው ከተለካባቸው ዘዴዎች አንዱ ሉሚኔሰንስ ነው።

አስተናጋጇ ስኒውን ስታነሳ የአክስቴ ልጅ ሃይላንዱን ወደ ቦርሳው መለሰ። "ቱቦው ስንት ሴንቲ ይሁን?" አለኝ።