አፍንጫ ዝም ብሎ ቀዳዳ አይደለም

ደብረ ማርቆስ ላይ ጉንፋን የያዘው ሰው ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ያፈላል፣ ጋቢ ይከናነባል፣ ላብ እስኪያጠምቀው ይታጠናል። ሲገለጥ «እፎይ፣ አፍንጫዬ ተከፈተ!» ይላል። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። እስቲ ስለ አፍንጫ የሚባሉ ነገሮችን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ባሕር ዛፍ አፍንጫ ይከፍታል»

እንፋሎቱ ንፍጡን ሊያላላው ይችላል። የቅጠሉ ሽታ ሥራ ግን ሌላ ነው። አፍንጫ ውስጥ ቅዝቃዜን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች አሉ። የባሕር ዛፍ ዘይት እነሱን ይቀሰቅሳል፤ አንጎልም ቀዝቃዛ አየር እንደልብ እየገባ ይመስለዋል። ከናና ዘይት የሚገኘው ሜንቶልም እንዲሁ ነው። ሜንቶል ያሸተቱ ሰዎች ሲለኩ፣ የሚያልፈው አየር ሳይጨምር «ቀለል አለን» ይላሉ። እፎይታው እውነት ነው፤ መንገዱ ግን አልሰፋም። (የፈላውን ድስት ብቻ ከልጆች አርቁት፣ አደራ።)

«ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር መተንፈስ ይቀላል»

የኮምፒውተር ሞዴል በጣም ያስደነቀኝ እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዎች ከአንድ ሰው ሲቲ ስካን (የሰውነትን ውስጥ በኤክስሬይ ከሚያሳይ ምስል) ተነስተው የአፍንጫውን ውስጥ በኮምፒውተር ይቀርጻሉ። ባዶውን ቦታ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፋፍሉና የአየሩን ፍጥነት፣ ሙቀትና እርጥበት በየክፍሉ ያሰላሉ።

በግራም በቀኝም ሦስት ሦስት ሥጋማ እጥፋቶች አሉ። አየሩ በመካከላቸው፣ በጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ ያልፋል። እሱ ይሞቃል፣ ግድግዳው ይቀዘቅዛል። እጥፋቶቹ በቀዶ ሕክምና ከመጠን በላይ ሲነሱስ? አየሩ በሰፊው መሐል ይነጉዳል፤ ግድግዳውን እምብዛም አይነካም። ቅዝቃዜው ካልተሰማ ደግሞ አንጎል አየር መግባቱን አያምንም። አፍንጫው ወለል ብሎ ተከፍቶ ሰውየው «ታፈንኩ» ይላል። እንዲህ ያለ ታማሚ «እያካበድክ ነው» ሲባል በጣም ያሳዝነኛል። አላካበደም።

«የጮቄ ብርድ ቀጥ ብሎ ሳንባ ይገባል»

የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የንጋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቢሆንም በአፍንጫ የተሳበ አየር ብዙውን ሙቀት የሚያገኘው እዚያው አፍንጫ ውስጥ፣ ያውም በፊተኛው ክፍል ነው። 20 ዲግሪ የሆነ የቤት አየር ጉሮሮ ጋ ሲደርስ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ደግሞ ሥራው ሊገለበጥ ይችላል፤ ከሰውነት የበለጠ የሞቀውን አየር ያው አፍንጫ ያበርደዋል። ስትተነፍሱም የቀዘቀዘው ግድግዳ ከሚወጣው አየር ሙቀትና ውሃ መልሶ ይቀበላል።

«አንዱ ወገን ከታፈነ በሽታ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ብዙ ሰው ላይ ግራና ቀኙ በየጥቂት ሰዓቱ ተራ እየተቀያየሩ ያብጣሉ።

«ሞዴል ካለ ሐኪም አያስፈልግም»

ያስፈልጋል እንጂ። ሲቲ ስካን የአንዲት ቅጽበት ምስል ነው። ጠዋት የተነሳው ምስል ከሰዓት የሚቀያየረውን ተራ አያውቅም። ብዙዎቹ ሞዴሎች ደግሞ ግድግዳውን እንደማይነቃነቅ ነገር ይቆጥሩታል። እስቲ አሁን በአፍንጫችሁ በኃይል ሳቡ፤ ክንፉ ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ በጣታችሁ ይታወቃችኋል።