«ዲኤፍሲ ከነባሩ» ሲባል መሸታ ቤት አይደለም

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለን የዓሣ ጥብስ ስንጠብቅ ጓደኛዬ ለጨረታ የቀረበ የአንድ እንግሊዛዊ የጦር አብራሪ ሜዳሊያ በስልኩ አሳየኝና «ዲኤፍሲ ከነባሩ ይላል፤ ሰውየው መሸታ ቤትም ነበረው እንዴ?» አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ዲኤፍሲ (Distinguished Flying Cross) አየር ላይ ለተፈጸመ ጀብዱ የሚሰጥ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው የእንግሊዝ ሜዳሊያ ነው። ባር ማለት ሪባኑ ላይ የምትደረብ ቀጭን የብር ቁራጭ ናት። ያንኑ ሜዳሊያ ሁለተኛ ጊዜ ተሸልሟል ማለት ነው፤ ሌላ መስቀል አይሰጡትም።

ዲኤፍኤም (Distinguished Flying Medal) የሚባለው የእንግሊዝ ሜዳሊያ ደግሞ ሌላ ነው። ጀብዱው ያው አየር ላይ ነው፣ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1993 ድረስ ዲኤፍሲ በዋናነት ለመኮንን፣ ዲኤፍኤም ለበታች ማዕረግ ነበር። (አድልዎ በሉት።) የሚገርመው፣ የዲኤፍኤም ጠርዝ ላይ የባለቤቱ ስም ይቀረጽ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሰጠ ዲኤፍሲ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱ ብቻ ነው ያለው። እና የበረራ መዝገቡና ደብዳቤዎቹ አብረው ከሌሉ መስቀሉ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

«መዝገቡስ አለ?» አልኩት። ፎቶውን አሳድጎ መፈለግ ጀመረ፤ ዓሣውም መጣ።