«ብር የለመደ ልጅ ትምህርት ይጠላል» እና ሌሎች ስለ ተማሪ ሥራ የምንላቸው ነገሮች

ልጁ 16 ዓመት ይሞላውና «ከትምህርት መልስ ስልክ ቤት ልሥራ» ይላል። ቤቱ ይታመሳል። አባት «ምን አጎደልኩብህ?» ብሎ ይቆጣል፣ እናት የመልቀቂያ ፈተናው ይታያታል፣ አጎት ደግሞ «ይሥራ እንጂ፣ ወንድ ልጅ አይደል እንዴ!» ይላል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። የቀረው ስንሰማው ያደግነው ወሬ ነው።

«ብር የለመደ ልጅ ትምህርት ይጠላል»

ፍርሃቱ ይገባኛል። የ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁ ከደብተር ለአንድ ሰዓት ሲርቅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን የቀሩት ከ800 ሺህ በላይ ልጆች ሁሉ ሱቅ ሲጠብቁ ነው እንዴ ያላለፉት?

አሜሪካኖች ይህን ነገር ለዓመታት አጥንተውታል። ደጋግሞ የወጣው ውጤት፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሠሩ ተማሪዎች ያን ያህል አይጎዱም፣ ነገሩ የሚበላሸው በሳምንት ከ20 ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ነው የሚል ነው። ያኔም ቢሆን ጥፋቱን ሁሉ በሥራው ማላከክ ይከብዳል፤ ብዙ ሰዓት ሥራ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውኑ ልቡ ከክፍል የወጣ ልጅ ነው። ስለዚህ «ይሥራ ወይስ አይሥራ» ብሎ ከመጨቃጨቅ በፊት ስንት ሰዓት፣ ደግሞም የትኛው ሰዓት ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቅዳሜ ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት የሚያጠና ልጅና በየቀኑ ማታ 3 ሰዓት ሱቅ ዘግቶ ገብቶ ሒሳብ ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ አንድ አይደሉም።

«ተማሪ መቅጠር በሕግ ክልክል ነው»

አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚከለክለው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ነው፤ በድሮው አዋጅ 14 ነበር። 15 ሞልቶት 18 ያልደረሰው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም የለበትም፣ በሳምንት እረፍት ቀኑና በበዓል አይታዘዝም። ከመሬት በታች የሚሠራ ማዕድን፣ የፍሳሽ ቱቦና ዋሻ ቁፋሮ፣ ከባድ ዕቃ ማንሳትና መግፋትም የተከለከሉ ናቸው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ግን አለ። አሠሪዎች ይህችን 7 ሰዓት ይዘው «ሕጉ ፈቅዷል» ይላሉ። ሕጉ የወሰነው ጣሪያውን ነው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ይዋል አይዋል የሚያውቀው ነገር የለም። ግማሽ ቀን ተምሮ 7 ሰዓት የሚሠራ ልጅ መቼ ሊያጠና ነው?

«የኔ ልጅ አትሠራም፣ ትማራለች ብቻ»

እስቲ በፈረቃ የምትማር የ10ኛ ክፍል ልጅ ቀን እንይ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች። ዛሬ ውሃ መጥቷልና ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ጄሪካን ታነሳለች። ምሳ ታሞቃለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ሕፃኑን ከኬጂ ታመጣለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች። መብራት ካለ ደግሞ ምጣዱ ይጣዳል፣ ምክንያቱም ነገ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ደብተር የምትገልጠው ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው፣ ያውም «እስቲ ቡናውን አፍዪልን» ካልተባለች። ወንድሟ ያን ጊዜ ሁሉ ኳስ ሜዳ ነው።

ይህ በቀን አምስትና ስድስት ሰዓት ነው። ያንን የ20 ሰዓት ጣጣ በአራት ቀን ታልፈዋለች፣ አምስት ሳንቲምም አታገኝበትም። እህት ወንድም ማገዝ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ግን ወንድሟ «ስልክ ቤት ልሥራ» ሲል የቤተሰብ ጉባኤ ይጠራል፣ የሷን ሰዓት ግን ማንም አይቆጥረውም። ሰኔ ላይ ውጤቷ ሲወርድ «ስልክ ላይ ተጥዳ ነው» ይባላል።

«ውጭ ያሉት ልጆች እኮ ሁሉም ይሠራሉ»

ብዙዎቹ ይሠራሉ፣ እንደፈለጉ ግን አይደለም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት፣ በትምህርት ሳምንት ከ18 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም። 16 ሲሞላው የፌዴራሉ የሰዓት ገደብ ይነሳለታል፣ ግዛቶች የራሳቸውን ይጨምራሉ። ሜሪላንድ ለምሳሌ ከ18 በታች ላለ ልጅ የሥራ ፈቃድ ትጠይቃለች። እዛ ያሉ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። አዲስ አበባ ላይ «ሰው ምን ይለኛል» ይል የነበረ አባት ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ልጁ ሱፐርማርኬት ካሸር ሆነች ብሎ በኩራት ያወራል።

«ሥራ ሁሉ ኃላፊነት ያስተምራል»

የትኛው ሥራ? ሒሳብ የሚዘጋ፣ ደንበኛ የሚያነጋግር፣ ታናናሾቹን የሚያስጠና ልጅ ይማራል። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሞ «ግቡ ግቡ» የሚል ልጅ የሚማረው ድካም ነው።

«ዘመድ ጋ ስለሆነ ደሞዝም ውልም አያስፈልግም»

የብዙ ልጅ ጉልበት የሚበላው እዚህ ጋ ነው። አጎት «የኔው ልጅ ነው» ብሎ ይወስደዋል፣ ክረምቱን ሙሉ ሱቅ ያስጠብቀዋል፣ መስከረም ላይ አንድ ጫማና የታክሲ ብር ሰጥቶ ይሸኘዋል። ልጁ ያፍራል፣ እናቱ «ወንድሜን እንዴት ብዬ ብር ልጠይቀው» ትላለች። ቀድሞ መነጋገር ነው የሚያዋጣው፤ በወር ስንት ብር፣ በስንት ሰዓት ይገባል፣ በስንት ሰዓት ይወጣል፣ ፈተና ሲደርስ ስንት ቀን ይቀራል። በቃል ብቻ የተቀጠረ ሠራተኛ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ ጽፎ፣ ፈርሞ እንዲሰጠው አዋጁ ያዛል። ለአጎት አዋጅ መጥቀስ ይከብድ ይሆናል። እናትየው እሁድ ቡና ላይ «በወር ስንት ታስብለታለህ?» ብላ ብትጀምር ግን ማንም አይቀየማትም፣ ከተቀየመም ልጁ ሐምሌ ሳይገባ ሌላ ሱቅ ይፈልጋል።