የሊድያ ወርቅ፦ በስህተት የሚነገረውና እውነታው

የራእይ መጽሐፍን ያነበበ ሰው ሰርዴስን ያውቃታል። ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት የአንዷ ከተማ ናት። ከዚያ ብዙ ዘመን በፊት ግን ዛሬ ምዕራብ ቱርክ በምንለው አገር የሊድያ መንግሥት መናገሻ ነበረች። ስሟ ሲነሳ ወርቅ አብሮ ይነሳል። ስለዚያ ወርቅ የሚወራው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«ጎንበስ ብለው ከወንዝ የሚያፍሱት ንጹሕ ወርቅ ነበር» ይባላል። በፓክቶሎስ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ወርቅ መኖሩ እውነት ነው። ግን ብር የተቀላቀለበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 አርኪዮሎጂስቶች እዚያው ወንዝ ዳር የጥንት የወርቅ ማንጠሪያ አገኙ። የሊድያው ንጉሥ የክሮይሶስ ዘመን ሥራ ነው። እኛ «ወርቅ በእሳት ይፈተናል» እንላለን፤ የሰርዴስ አንጥረኞች እሳቱ ላይ ጨው ጨመሩበት። ወርቁን ቀጥቅጠው እንደ ቅጠል ያሳሱታል። በሸክላ ዕቃ ውስጥ ከጨው ጋር ያነባብሩታል። ከዚያ ሳይቀልጥ ለረጅም ጊዜ ያግሉታል። ጨው ብሩን ይበላዋል፣ ወርቁ ይቀራል። ብሩም አይጣልም፤ በእርሳስ ማዕድን አማካይነት መልሰው ያወጡታል። እኔን ከጌጡም በላይ የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

«ጌጥ የሴት ነው» የሚለውም እዚያ አይሠራም። የሊድያ ወንዶች ጉትቻ ያደርጉ ነበር። ግሪካዊው ዜኖፎን እንደጻፈው፣ አንድ የጦር መኮንን ግሪክ አለመሆኑ የታወቀው ሁለቱም ጆሮዎቹ እንደ ሊድያ ሰው ተበስተው ስለተገኙ ነው። አባረሩት።

ትልቁ ስህተት «የካሩን ሀብት» በሚባለው የጥንት የወርቅና የብር ዕቃ ክምችት ላይ ነው። ብዙዎች የንጉሥ ክሮይሶስ ንብረት ይመስላቸዋል። አይደለም። ክሮይሶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ546 አካባቢ በፋርሱ ቂሮስ ተሸንፏል። ሀብቱ የተገኘው ደግሞ በምዕራብ ቱርክ በኡሻክ ከተማ አቅራቢያ ካሉ፣ ከሽንፈቱ በኋላ ከተሠሩ የመኳንንት መቃብሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሌቦች ዘረፏቸው። ዕቃው ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገባ። ቱርክ ከሰሰች፤ በ1993 ተመለሰላት። ከተመለሰው መካከል የአንጥረኛ መሣሪያም አለ፦ ስስ ወርቅ እየተጫነ ቅርጽ የሚወጣበት የነሐስ ማውጫ። ለእኔ ይሄ ከየትኛውም የአንገት ሐብል ይበልጣል፤ የሠሪውን እጅ ያሳየናልና።

«ከተመለሰ በቃ፣ ዳነ» ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2006 ኡሻክ ሙዚየም ውስጥ የነበረው የዚህ ሀብት ዝነኛ የወርቅ ብሮሽ (ልብስ ላይ የሚሰካ ጌጥ) በሐሰተኛ ተተክቶ ተገኘ። እውነተኛው ከጀርመን የተመለሰው በ2013 ነው። ክንፍ ያለው ፍጡር ነው፤ ፊቱ ፈረስ፣ ኋላው ዓሣ። ከሥሩ እንደ ሹሩባ የተጎነጎኑ የወርቅ ክሮች ይወርዳሉ፤ ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ሮማኖች ተንጠልጥለዋል።