ከካምፕ እሳት በኋላ በፓራዳይዝ ከተማ የመኖሪያ ቤት መልሶ መገንቢያ ፈቃድ

ፓራዳይዝ በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ በቢዩት ካውንቲ፣ በሁለት ጥልቅ ሸለቆዎች መካከል በተዘረጋ ሸንተረር ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟ በአማርኛ ገነት ማለት ነው። ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ማለዳ (እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፑልጋ በተባለች መንደር አቅራቢያ ከኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር የተነሣው፣ «የካምፕ እሳት» (Camp Fire) የሚል ስም የተሰጠው ሰደድ እሳት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከተማዋን አዳረሳት። 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከተማዋንና አካባቢዋን ጨምሮ 18,804 ሕንፃዎች ወደሙ። 26,000 ያህል ነዋሪ የነበራት ፓራዳይዝ በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ 4,764 ሰዎች ብቻ ተቆጠሩባት።

ከእሳቱ በፊት ከተማዋ ከ1979 ጀምሮ ራሷን ስታስተዳድር የቆየች፣ ጡረተኞች የሚበዙባት ጸጥተኛ ቦታ ነበረች።

ከቃጠሎ በኋላ የግንባታ ፈቃድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፕላንና ማኅተም ነው። በፓራዳይዝ ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። ቦታው ጸድቶ ማረጋገጫ ካልተሰጠው በቀር ፈቃድ አይሰጥም። ጽዳቱ ሁለት ዙር ነበረው። በመጀመሪያው ዙር የጋዝ ሲሊንደር፣ ባትሪ፣ ቀለም፣ ፀረ ተባይና የመሳሰሉት አደገኛ ነገሮች ተለቅመው ይወጣሉ። በሁለተኛው አመዱ፣ የቀለጠው ብረትና የቤቱ መሠረት ይነሣል። ኮንክሪት በከፍተኛ ሙቀት ጥንካሬውን ስለሚያጣ፣ ለዓይን ደህና የሚመስለውም መሠረት ይነቀል ነበር።

ይህ በመንግሥት ወጪ እንዲሠራለት የፈለገ ባለቤት ሠራተኞች ግቢው እንዲገቡ የሚፈቅድ ቅጽ ፈርሞ ለካውንቲው ያስገባ ነበር። ከኪሱ አይከፍልም ነበር፤ ኢንሹራንሱ ለፍርስራሽ ማንሻ ብሎ የያዘለት ገንዘብ ካለ ግን እሱ ለመንግሥት ይሄድ ነበር። በራሱ ማስነሣት የፈለገ ደግሞ ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ቀጥሮ፣ የሥራ ዕቅዱን አስቀድሞ ማጸደቅ ነበረበት። ሠራተኞቹ ነጭ ቱታና የመተንፈሻ ጭምብል አጥልቀው፣ አመዱ እንዳይቦን ውሃ እያርከፈከፉ ይዝቁ ነበር። የጭነት መኪናው ሆድ ፕላስቲክ ይነጠፍበትና ጭነቱ ከላይ ተሸፍኖ፣ ተጠቅልሎ ይወርዳል። ከዚያ የላይኛው አፈር ይገፈፍና ናሙናው ላቦራቶሪ ይላካል፤ እንደ እርሳስና አርሴኒክ ያለ መርዝ ከተገኘበት እንደገና ይገፈፋል። በዚህ ዓይነት ወደ 11,000 የሚጠጉ ይዞታዎች እስከ ኖቬምበር 2019 ድረስ ጸድተዋል። ለመጠኑ ፈጣን ሥራ ነው።

በመሃል አንድ ከባድ ውዝግብ ነበር። የከተማው ምክር ቤት ማረፊያ ያጡ ባለቤቶች በተቃጠለው ቦታቸው ላይ በተጎታች ቤት እንዲኖሩ ፈቅዶ ነበር። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ ፌማ ግን ሰው የሚኖርበት ቦታ አስቸኳይ የጤና ስጋት አለበት ሊባል ስለማይችል የጽዳቱን ወጪ አልሸፍንም አለ። ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2019 ፈቃዱን ሰረዘ። ውሳኔው ጨካኝ ነው ያሉ ነዋሪዎች ነበሩ። ይሁንና ከንቲባዋን ጆዲ ጆንስን ጨምሮ አብዛኞቹ የምክር ቤቱ አባላት የራሳቸውም ቤት የተቃጠለባቸው መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። በኋላ ቦታው ለጸዳለት ሰው በተጎታች ቤት መኖር በጊዜያዊ ፈቃድ ተመልሶ ነበር።

ሁለተኛው መሬት ውስጥ ያለ ጉዳይ ሴፕቲክ ታንክ ነው። ፓራዳይዝ የጋራ የፍሳሽ መስመር አልነበራትም፤ እያንዳንዱ ቤት ፍሳሹን በግቢው ባለ ታንክና የማስረጊያ ቦይ ያስወግዳል። ስለዚህ የከተማው የፍሳሽ ክፍል ታንኩን መርምሮ ሳያጸድቅ የቤቱ ፕላን ወደፊት አይሄድም። የታንኩ ክዳን ቀልጦ ወይም ግድግዳው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ከእሳቱ የተረፈውንም ቦይ የጽዳቱ ከባድ መኪና ጨፍልቆት ይገኛል። የታንኩ አቅም የሚለካው በመኝታ ክፍል ብዛት ነው። ሁለት መኝታ የነበረውን ቤት ባለ ሦስት ማድረግ የፈለገ ሰው ግቢው ያንን የሚችል መሆኑን ማስመርመር አለበት። የመኝታ ቤቱን ቁጥር የሚወስነው አርክቴክቱ ሳይሆን አፈሩ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ጥገና ሪቢልድ ፓራዳይዝ ፋውንዴሽን የተባለው የአካባቢው በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ይሰጥ ነበር።

የመጠጥ ውሃው ቧንቧም ቤንዚን (benzene) በተባለ መርዛማ ኬሚካል (የመኪናው ነዳጅ አይደለም) ተበክሎ ስለነበር ከዋናው መስመር ወደየቤቱ የሚገቡት ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ተመርምረዋል፤ የተበከሉት ተቀይረዋል።

ፕላኑ ራሱ የካሊፎርኒያን ሕግ ይከተላል። ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ምዕራፍ 7ኤ የሚባለው የሕንፃ ደንብ ቶሎ የማይቀጣጠል ጣሪያና የውጭ ግድግዳ፣ ፍንጣሪ የማያስገባ የአየር ማስገቢያ፣ ሙቀት የሚቋቋም የመስኮት መስታወት ያዛል። ከ2011 ወዲህ በአዲስ ቤት ውስጥ ውሃ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያም ግዴታ ነው። ደንቡ ምን ያህል ቤት አዳነ የሚለው ያከራክራል። ሳክራሜንቶ ቢ ጋዜጣን የሚያሳትመው ማክላቺ በ2019 ባደረገው ትንተና፣ ከ2008 በኋላ ከተሠሩት ቤቶች 51 በመቶው ያለ ጉዳት ሲተርፉ ከዚያ በፊት ከተሠሩት የተረፉት 18 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2021 የወጣ ጥናት ግን ከ1997 ወዲህ በተሠሩት መካከል ደንቡ ጉልህ ልዩነት እንዳላሳየ ጠቅሶ፣ የጎረቤት ቤት ቅርበትንና በዙሪያው ያለውን ዛፍ ዋና ምክንያት ያደርጋል።

ማመልከቻው የሚቀርበው ከተማዋ ባንክ በነበረ ሕንፃ በከፈተችው የመልሶ ግንባታ ማዕከል ነበር። የፕላን፣ የሕንፃና የፍሳሽ ባለሙያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ያስተናግዱ ነበርና ባለጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም። በተንቀሳቃሽ ቤቶች መንደር ውስጥ ያሉ ቤቶች ጉዳይ ግን የሚታየው በክልሉ መንግሥት ነው።

ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ተቆጣጣሪው ደጋግሞ ይመጣል፤ ኮንክሪቱ ሳይሞላ፣ ከዚያ አጥንቱ ሲቆም፣ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ ገመዱ በግድግዳ ሳይሸፈን፣ በመጨረሻም ሁሉ ሲያልቅ። መጨረሻ ላይ የመኖሪያ ማረጋገጫ ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ይህን ወረቀት የተቀበሉት እሳቱ ዓመት ሳይሞላው፣ የጎረቤቶቻቸው አመድ ገና እየተጫነ ሳለ ነበር።