ኢንዶሜትሪዮሲስ ምንድን ነው?

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጪ፣ ለምሳሌ በእንቁላል ማምረቻዎች ላይ ወይም በአንጀት አካባቢ፣ ሲያድግ የሚከሰት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። ሕብረ ሕዋሱ በየወሩ ለሆርሞን ምላሽ ስለሚሰጥ ያብጣል፣ ይደማል፤ ደሙ መውጫ ስለማያገኝም አካባቢውን ያስቆጣል፣ እየቆየም ጠባሳ ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ይገምታል።

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ የወር አበባ በመጣ ቁጥር አልጋ ላይ የምትውል ልጅ አዘውትራ የምትሰማው «ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚለውን ነው። እርግዝና ሕመሙን ለጊዜው ሊያስታግሰው ይችላል እንጂ አያድነውም፤ በሽታው ራሱም መውለድን ሊያስቸግር ስለሚችል ምክሩ፣ በቅን ልብ ቢሰጥም፣ ሕክምናን ያዘገያል። ወር አበባው ሳይመጣ የሚጀምር፣ ከወገብ ወደ ጭን የሚወርድ፣ በሰገራ ወይም በግንኙነት ጊዜ የሚብስ ቁርጠት ሐኪም ሊያየው ይገባል። አልትራሳውንድ ምንም አላሳየም ማለትም ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች ሕመም ቀስቃሹ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ስለሚያግዱ ይበልጥ የሚጠቅሙት ቁርጠቱ ሳይበረታ፣ በመጀመሪያው ምልክት፣ ሲወሰዱ ነው። ጨጓራን ስለሚጎዱ ከምግብ ጋር መወሰድ አለባቸው፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት ሴት ደግሞ ሐኪም ሳታማክር ባትነካቸው ይሻላል። እዚህ ላይ የጾም ጥያቄ ይነሳል። ሙስሊሟ በወር አበባዋ ወቅት አትጾምም፣ በኋላ ቀዷ ታወጣለች፣ ማለትም ያለፏትን ቀናት ትጾማለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾመው ክርስቲያን ግን ክኒኑን በባዶ ሆድ ከመዋጥ ይልቅ የንስሐ አባቷን ብታማክር መልካም ነው።

የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንና መርፌም ለዚሁ ሕመም ይታዘዛሉ። «ያላገባች ልጅ ይህን ምን ያደርግላታል?» ብሎ ክኒኑን የሚደብቅ ቤተሰብ አለ፤ ነገር ግን የታዘዘው የሕብረ ሕዋሱን እድገት ለመግታት ነው። ቀዶ ሕክምናም አለ፣ ሕመሙ ግን ሊመለስ ይችላል።

በዕለት ኑሮ ረገድ ቀኑን፣ የሕመሙን መጠን ከ0 እስከ 10 እና የተወሰደውን መድኃኒት በደብተር መመዝገብ ለሐኪሙም ለራስም ይጠቅማል፤ የሚከብዱት ቀናት አስቀድመው ስለሚታወቁ ውኃ መቅዳቱንና እንጀራ መጋገሩን ከእነርሱ በፊት መጨረስ ወይም ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል። በደሴ ብርድ ሙቅ ውኃ የያዘ ጎማ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእምብርት በታች ማድረግም ያስታግሳል። ድንገተኛ ብርቱ ሕመም ከትኩሳት ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ፣ ወይም ወር አበባ ቀርቶ ሕመሙ ከጀመረ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።