የአብነት ትምህርት ቤት፦ በችግር መካከል ጥበብ የሚፈለግበት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት

የአብነት ትምህርት ቤት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ዲያቆናት፣ ካህናት፣ መሪጌቶችና የመጻሕፍት መምህራን የሚወጡበት፣ ትምህርቱም በአብዛኛው ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚተላለፍ ጥንታዊ የትምህርት ሥርዓት ነው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በትግራይና በሸዋ አድባራትና ገዳማት ዙሪያ ለዘመናት ሲሠራበት የኖረ ሲሆን፣ ከፊደል ገበታ ተነሥቶ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚዘልቅ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ይህን ሥርዓት ከሌሎች የትምህርት መንገዶች የሚለየው የሚያስተምረው ነገር ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ረሃብን፣ ብርድንና ከዘመድ መራቅን ተሸክሞ መማሩ፣ በዚያው ኑሮ ውስጥም ደስታ የሚያገኝበት መንገድ መኖሩ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ መጀመሪያ ምዕመናን ልዩ ልዩ ፈተና ሲደርስባቸው እንደ ሙሉ ደስታ እንዲቆጥሩት ከመከረ በኋላ፣ ወዲያው ጥበብ የጎደለው ሰው እግዚአብሔርን ይለምን ይላል። ፈተና፣ ደስታና ጥበብ በዚያ ምዕራፍ ጎን ለጎን እንደ ተቀመጡ ሁሉ በአብነት ትምህርት ቤትም ተነጣጥለው አይታዩም።

ሥርዓቱ ራሱን የሚያስረዳበት ቀዳሚ ታሪክ የቅዱስ ያሬድ ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የኖረው ያሬድ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱና ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ቅጣት ሸሽቶ ነበር። በመንገድ ላይ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ለመውጣት ሲሞክር፣ ደጋግሞ ሲወድቅና በመጨረሻ ሲሳካለት አየ፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ተመለሰ። ከጊዜ በኋላ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ስልቶች እንደ ደረሰ ይነገራል። በዚሁ ትውፊት ውስጥ፣ ያሬድ በንጉሡ ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተመረኮዘበትን ጦር በያሬድ እግር ላይ እንደ ተከለው፣ ዘማሪውም ንጉሡም ዜማው እስኪያልቅ ድረስ እንዳላወቁት ይተረካል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የተሣለው ይህ ትዕይንት ነው። ገና ፊደል ያልለየ ልጅ እንኳ ሥዕሉን እያየ ያድጋል፤ የዜማ ተማሪም ጉሮሮው ሲደክምና ሌሊቱ ሲረዝምበት ቀድሞ የሚታወሰው ይኸው ነው።

ወደ አብነት ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ብዙ ጊዜ አገሩን ለቅቆ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ከወላጆቹ ተደብቆ ይጠፋል። ከዘመድ መራቁ ሁለት ጥቅም አለው፦ የእርሻና የከብት ሥራ ወደ ኋላ አይጎትተውም፣ በማያውቁት ሰዎች ደጃፍም ሳያፍር ይለምናል። ቆሎ ተማሪ የሚባለው ይህ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ በየመንደሩ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ እመቤታችን ስም ማለት ነው። ባለቤቷ ካላት ቁራሽ እንጀራ ወይም ጥቂት ቆሎ ትሰጠዋለች፤ ከሌላት «እግዜር ይስጥህ» ብላ ታሰናብተዋለች። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ከልመናው ነጻ አልነበረም፤ ምክንያቱም ልመናው ምግብ ማግኛ ብቻ ሳይሆን ትሕትና የሚማሩበት የትምህርቱ ክፍል ተደርጎ ይቆጠር ነበር። የመጣው ቁራሽ ከጓደኛ ጋር ይካፈሉታል፤ ታላቁ ለታናሹ ያስጠናል፣ ታናሹ ለታላቁ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ለየኔታም ተማሪዎቹ ያርሳሉ፣ ያጭዳሉ።

እዚህ ላይ ነገሩን ከልክ በላይ ማሳመር አይገባም። ተማሪዎቹ በገዛ እጃቸው በሚሠሯት ጠባብ ጎጆ ተጨናንቀው ስለሚያድሩ ቁንጫና ቅማል አይለያቸውም ነበር፤ ተስቦም በየጊዜው እየገባ ብዙ ልጆችን ቀጥፏል። ከእነዚህ ሁሉ ችግሮች መካከል ለትምህርቱ የሚያስፈልገው የትኛው እንደ ሆነ፣ የትኛውስ የድጋፍ ማጣት ውጤት እንደ ሆነ መለየት ይገባል፤ ትሕትናን የሚያስተምረው መለመኑ ነው ቢባል እንኳ ተስቦ የሚያስተምረው ነገር የለም። የማስታወስ ኃይል ይጨምራል በሚል እምነት አብሾ የሚጠጡም ነበሩ፤ አብሾ ግን አእምሮን የሚያዛባ መርዛማ ተክል በመሆኑ ጠጥተው ያበዱ ተማሪዎች ወሬ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ጀምሮ ያቋረጠውም ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

የትምህርቱ ደረጃዎች በአጭሩ እንዲህ ናቸው። በንባብ ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌለ ዮሐንስን ያነባል፣ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆች አቅማቸው እንደ ፈቀደ ይደግሳሉ። በዜማ ቤት ድጓ (የያሬድ ዜማ መጽሐፍ)፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት፣ ቅዳሴና አቋቋም (በመቋሚያ፣ በጽናጽልና በከበሮ የሚቀርበው ዝማሬ) አሉ። እያንዳንዱ ሙያ ተማሪው በትምህርቱ መብቃቱ የሚረጋገጥበት የራሱ ማስመስከሪያ ቦታ አለው፦ ለድጓ የጋይንቷ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅኔ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ በዋናነት ይጠራሉ። አንድ ተማሪ ሙያውን ለማሟላት በእነዚህ ቦታዎች መካከል በእግሩ ሲዞር ወጣትነቱን ሊጨርስ ይችላል።

የአብነት ተማሪን ደስታ ከሁሉ ይልቅ በቅርብ ማየት የሚቻለው በቅኔ ቤት ነው። የቅኔን መነሻ አንዳንዶቹ ለቅዱስ ያሬድ፣ ሌሎች ለዮሐንስ ገብላዊ ይሰጣሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ተማሪው መጀመሪያ ግስ ያወርዳል፣ ማለትም የግዕዝ ግሦችን ያጠናል፣ አገባብ የተባለውንም ሰዋስው ይማራል፤ ከዚያ ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ በየደረጃው ያድጋል። ቀን ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል፣ ከዛፍ ሥር ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። ጽሕፈት የለም፤ ቃሉን፣ ልኩን፣ ዜማውንና ምስጢሩን በአእምሮው ብቻ ያስማማል። ማታ ከየኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። መምህሩ አገባቡ የሳተበትን ያርማል፣ ምስጢሩ ያልሰመረበትን ይመልሰዋል፤ ሲሳካለት ግን በዙሪያው ያሉት በአንድ ድምፅ «ይበል!» ይላሉ። ያን «ይበል» ያገኘ ልጅ የዕለቱ አኮፋዳ ባዶ መሆኑን ለጊዜው ይረሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትምህርቱን ትተው ወደ ሌላ ሙያ የገቡ ሰዎች እንኳ በሽምግልናቸው ስለ ቅኔ ቤት ሲያወሩ ከረሃቡ ይልቅ የዚያን ምሽት ይበልታ ያስቀድማሉ።

ደስታው ከፉክክር ብቻ የሚመጣ አይደለም። የቅኔ ጠባይ ሰምና ወርቅ፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚሰማ ቃልና ውስጡ የተሰወረ ምስጢር በመሆኑ፣ ተማሪው የሚያውቀውን ኑሮ ሰም አድርጎ የመጻሕፍትን ምስጢር ወርቅ ያደርግበታል። ቁራሽ መለመኑ ከአልዓዛር ታሪክ ጋር፣ የሚያባርረው ውሻ ከጠላት ዲያብሎስ ጋር፣ የክረምቱ ብርድ ከቤተልሔም ግርግም ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። በዚህ መንገድ የገዛ ችግሩ የጥበቡ መሥሪያ ዕቃ ይሆንለታል። በሌላ በኩል ቅኔ ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ድርቅ ሲበረታ፣ ሞት ሲደጋገም፣ ሹም ሲበድል ባለቅኔው እንደ ኢዮብ ለፈጣሪው አቤት የሚልበት፣ አልፎም የሚሟገትበት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ይህን ሙግት በራሱ በቅዳሴውና በማኅሌቱ መካከል ማስገባቱ ሊስተዋል ይገባል። እምነት ኀዘንን በመደበቅ እንደማይለካ ከረጅም ስብከት ይልቅ ይህ ልማድ ያስረዳል። በበዓል ቀን የሚቀርብ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት፤ የተቀኙትን መልሶ ማቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ ጥበቡን የሚፈልገው ሰው ትናንት ባገኘው ማደር አይችልም፤ በእያንዳንዱ በዓል ዋዜማ እንደ ገና ይጨነቃል።

ከቅኔ መምህራን መካከል እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ለብቻቸው ሊነሡ ይገባቸዋል። በጎጃም የተወለዱት እማሆይ ገላነሽ በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ፤ ከቅኔ መምህሩ አባታቸው ተምረው ግን ወንዶች ብቻ በሚታዩበት ጉባኤ ላይ ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተማሩ። ትምህርቱ በቃል መሆኑ ለዓይነ ሥውራን በሩን ከፍቶ ኖሯል፤ ሴቶችን በተመለከተ ግን እርሳቸው ከጥቂቶቹ አንዷ ሆነው መቅረታቸው የሥርዓቱ ጉድለት ነው።

የዜማው ደስታ ደግሞ በማኅሌት፣ በበዓል በሚቀርበው የሊቃውንት ዝማሬ፣ ይገለጣል። ከበሮ፣ ጽናጽልና መቋሚያ የበዓል መሣሪያዎች ቢሆኑም ሊቃውንቱ የሚተረጉሟቸው በክርስቶስ ሕማም ነው፦ በከበሮው ላይ የተጠላለፈው ጠፍር የግርፋቱ ሰንበር፣ ሲመታ የሚሰማው ድምፅም በጥፊ የመመታቱ ምሳሌ ነው ይላሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከበሮና ጽናጽል አይሰሙም፤ ካህናቱ ጾመ ድጓውን በመቋሚያ ብቻ እየዘመሙ ያደርሳሉ። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመለስ ደስታው ከጾሙ ርዝመት ጋር የተመጣጠነ ነው። ለወራት የተለማመደው የአቋቋም ተማሪ ወረቡ ሲነሣ፣ ጭብጨባው ሲፈጥንና ሽማግሌው መሪጌታ እንደ ጎረምሳ ሲወዘወዝ ያያል፤ የትምህርቱ መዳረሻ ምን እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል።

የመጨረሻው ደረጃ የመጻሕፍት ቤት ነው። ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ መጻሕፍተ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት በአንድምታ፣ ለአንድ ቃል ብዙ ፍቺ በሚሰጥ ስልት፣ ይተረጎማሉ፤ አራቱንም ያደላደለ ሊቅ አራት ዓይና ይባላል። ጥበብን በቀጥታ የሚመለከቱት መጽሐፈ ምሳሌ፣ መክብብ፣ መጽሐፈ ጥበብና ሲራክ ከብሉያት ጋር ይነበባሉ፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት ደግሞ መከራን ስለ መታገሥና ልብን ስለ መጠበቅ ያስተምራሉ። መምህሩ አንድ ኃይለ ቃል አንሥቶ «አንድም» እያለ ትርጓሜ ሲደራርብ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የዳዊትን 150 መዝሙራት ያለ ትርጉም በቃሉ የያዘው ተማሪ ያን ጊዜ ያነበበው ምን እንደ ነበር አሁን ይገለጥለታል። በ118ኛው መዝሙር ዘማሪው ሥርዓትህን እማር ዘንድ መጨነቄ መልካም ሆነልኝ የሚለውን በዚህ ዕድሜው የሚሰማ ሰው ከራሱ ሕይወት ጋር ሳያነጻጽር አያልፈውም።

ክፉ ዘመን የተፈራረቀው በተማሪዎቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ቤቶቹም ላይ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ሲቃጠሉ ብዙ ሊቃውንት ጠፉ፤ ከጦርነቱ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ለድጓው የዜማ ምልክት ማዘጋጀታቸው፣ በቃል ብቻ የኖረው ዜማ ሊጠፋ እንደሚችል ከመታየቱ ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የጎንደር መቃጠልና ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረሃብ፣ በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በደብረ ሊባኖስ ያደረሰው ጭፍጨፋ ጉባኤያትን በትነዋል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ደም ያላፈሰሰ ቢሆንም መዘዙ ረጅም ነበር፤ አድባራቱና መምህራኑ ይተዳደሩበት የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬት ስለ ተወረሰ፣ ወንበሩን ይደግፍ የነበረው ገቢ ተቋረጠ።

ዛሬ ብዙዎቹ ጉባኤ ቤቶች (የአብነት ትምህርት ቤቶች) የሚተዳደሩት በምዕመናን ልግስና ነው። ማኅበረ ቅዱሳንና ሌሎች ማኅበራት ለመምህራን ወርኃዊ ድጎማ ያደርጋሉ፣ ለተማሪዎች ማደሪያና የምግብ ማዘጋጃ ያሠራሉ፤ በዚህም ምክንያት ልመናው የቀረባቸው ቦታዎች አሉ። አንዳንድ አባቶች ልመናው ሲቀር ትሕትናውም አብሮ ይቀራል ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋቱ ከልብ መሆኑ ባይካድም፣ ጠግቦ ያደረ ልጅ መወድስ መቁጠር እንደማያቅተው የሚያሳዩ ጉባኤ ቤቶችም አሉ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች የሚኖሩ ምዕመናን በየአጥቢያቸው ለልጆች ፊደልና ውዳሴ ማርያም ያስተምራሉ፤ አዋቂዎችም ከሥራ በኋላ በስልክና በኢንተርኔት ከመምህራን ጋር እየተገናኙ ዜማና ቅዳሴ ይማራሉ። የቅኔ ጉባኤ ግን ከፊት ለፊት ተቀምጦ መታረምን ስለሚፈልግ እስካሁን በዋናነት የሚገኘው የኔታ ባለበት ደብር ነው።